ለግራ እግር የወረደ ሙሾ

በሁለት ሺህ ሰባዎቹ ደሴ ውስጥ ብርቱካን ቋጥሮ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አልነበረም። የሚጠይቀው ጠያቂው ነው። ሳሙና የሚያህል ነጭ ዕቃ ሲሆን ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ አብሮት ይወጣና ከራስጌው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት ዶሮ በኋላ፣ ዳቦ ከሚያወርደው ድሮን በፊት ይናገራል። ድምፁ በደንብ የተቀጣ ልጅ ድምፅ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ቤዛዊት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጀርባዎስ?»

«ተመስገን ነው።»

«እግርዎስ?»

«ምን ይላል ብለህ፤ ተመስገን።»

«መልካም ቀን ይሁንልዎ።» አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ቤዛዊት ይህን ሁሉ የምትመልሰው በጀርባዋ ተንጋላ ነው። ፈተናው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ራሷን ከትራሱ ቀና ስታደርግ አንድ ሰው ከአንገቷ በታች ቆሞ አንጎሏን በገመድ ቁልቁል የሚጎትት ይመስላታል። መልሳ ስትጋደም ሰውየው ገመዱን ይለቃል። ስለዚህ ኑሮዋን ወደ መሬት አወረደችው። ምድጃው ወለል ላይ ነው፤ ሽንኩርት የምትከትፈው በጎኗ ተጋድማ ነው፤ ቡሃቃውም፣ ጨውም፣ የመብራት ማጥፊያውም ክንዷ ከሚደርስበት አያልፍም። የሌሊት ልብሷን ጠዋት ጠዋት አጥር ላይ ታሰጣዋለች። ወገቡ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጎረቤቶች «ቤዛ እኮ ንጽሕት ናት» ይላሉ።

ሌላም ነገር ነበር። አንድ ቀን ከሱቅ ስትመለስ የግራ እግሯ ባዶውን ነው። ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል። እግሯ አልነገራትም።

ደግሞ የቀዶ ጥገናው ውጤት የሚካድ አልነበረም። ሁለት ክረምት አልጋ ላይ የዋለች ሴት ናት። ዶክተር ኢክራም የምትባል ቀዶ ሐኪም ከአከርካሪዋ ውስጥ ባቄላ የምታህል እባጭ አውጥታ፣ በተበላሸው ቦታ ድልድይ የሚሉትን ቀጭን ሽቦ ዘርግታ፣ በእግሯ አቆመቻት። ቤዛዊት ከሆስፒታሉ ደጅ በእግሯ ስትወጣ የሳላይሽ ሰፈር በእልልታ ነበር የተቀበላት። እንዲህ ያለ ውለታ ተቀብላ፣ ዞር ብላ «አመመኝ» ልትል?

ሰፈሩ የሚያውቃት በአልቃሽነቷ ነው። ማንም አላስተማራትም። እናቷ የሞተች ጊዜ በሰፈሩ ሙሾ የሚያውቅ ሰው አልቀረም ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለቀሰው ማሽን ነው። ማሽኑ ከሟቿ ስልክ የሰበሰበውን ቃል ቤት እየመታ ደረደረ፤ የእናቷን ስም አንዴም አልሳተም፤ አንድም ሰው አላለቀሰም። ቤዛዊት ከዚያ ወዲያ የድሮ ቅጂ እየፈለገች፣ ወጥ ቤት ዘግታ ድስት ላይ እያንጎራጎረች ተማረች። ከዓመታት በኋላ ሰው ሲሞት ከማሽኑ በፊት እሷ ትጠራ ጀመር። ለስንቱ አልቅሳለች። ለባሏ ለአቤኔዘር ብቻ ቃል ከአፏ ሳይወጣ ቀረ።

አቤኔዘር መሰላል አዳልጦት ወድቆ ከራስ ቅሉ ሥር ደም ቋጥሮ ነበር። ደሙ ተቀዳለት፤ ዳነ ተባለ፤ ጠያቂው ራስጌው ላይ ተለጠፈ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ራሱን በሻሽ ማሰር ጀመረ። ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያነሳ ጆሮው አጠገብ ያቆመዋል። ጠዋት ሲጠየቅ «ተመስገን» ይላል። አንድ ቀን ሳይነቃ ቀረ። ለቀስተኛው ደጅ ተሰብስቦ ሳለ ጠያቂው እንደ ልማዱ «እንደምን አደሩ፣ ጋሽ አቤኔዘር?» አለ። ጠያቂው ትንሽ ጠብቆ «ደህና እንቅልፍ ላይ እንደሆኑ ቆጥሬዋለሁ» ብሎ አረንጓዴ አበራ።

ቤዛዊት አሁን ራሷን በሻሽ አስራ ነው የምትተኛው። የባሏ ሻሽ ነው።

የነሐሴ ዝናብ ሲያባራ ጋሽ ናሆም መጣ። የእድሩ ሰብሳቢ ነው፤ ቤዛዊትና ናሆም የሚባል ሰው ሁሉ ሽበት ያወጣበት ዘመን ነበርና እሱም ጸጉሩ ጥጥ መስሏል። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አንጎሉ ውስጥ ሽቦ አስገብተውለታል። እጁ ቀጥ አለ፤ ግን ከዚያ ወዲህ በማያስቀው ነገር ሁሉ ይስቃል። የገዛ ወንድሙ ቀብር ላይ አፈር ሲመለስ ስቋል። ሰው «የናሆም ሳቅ ዲዳ ያስቃል» እያለ ያልፈዋል።

«ቤዛዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አለ ከበሩ ሳይገባ። «ለመስቀል ጠያቂሽ ሊነሣ ነው። ድነሻል ተብሏል። ከውጭ አገር እንግዶችም ይመጣሉ፤ በዓለም ላይ በአከርካሪና በአንጎል ቀዶ ጥገና አንድም ጣጣ ያልተመዘገበባት አገር የኛ ናት አሉ! ያንቺ ቤት እንዲያዩት ተመርጧል።»

«ይግቡ በላቸው። እኔ ግን አልነሣም።»

«ምነው?»

«ስነሣ ራሴ ይፈርሳል፣ ጋሽ ናሆም። ግራ እግሬም የለም።»

ናሆም ሳቀ። አፉን በመዳፉ ከደነ፤ ሳቁ በጣቶቹ መካከል አመለጠ። «ይቅር በይኝ። ታውቂው የለ። ታዲያ ለጠያቂው አትነግሪውም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!»

«ያን ተረት የተረቱት ራሳቸው ተመስገን እያሉ ነው የሞቱት። ነገርኩት እኮ! ራሴን ያመኛል አልኩት።»

«እና ምን አለሽ?»

«‹ደስ ይላል› አለኝ።»

«እንዴት ደስ ይላል ይላል?»

«ራሴን ያመኛል፣ ግን ተመስገን ነው ያልኩት።»

«‹ግን ተመስገን›ን ምን አመጣው? እሷን መተው ነዋ!»

«ትቼ ልለው? አመመኝ ብዬ ዝም? አምላኬን ላማርረው?» ብላ ፊቷን አዞረች። «አንተስ ስለዚህ ሳቅህ ምን ብለኸዋል?»

ናሆም ወለሉን እያየ ለረጅም ጊዜ ሳቀ። «ተመስገን ብዬዋለሁ» አለ መጨረሻ ላይ።

በማግስቱ ዶክተር ኢክራም ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ሐኪም በሽተኛ ቤት መሄድ ከቀረ ቆይቷል፤ ይህን የሚከለክል ደንብም ነበረ። ስለዚህ ነጩን ጋውኗን አውልቃ፣ እንደ ጎረቤት ልጅ ጫማዋን ደጅ ትታ ገባች። ናሆም ነበር የነገራት።

«እማማ ቤዛ፣ ብርቱካን ነው ያመጣሁት፤ እንደ ድሮው።»

«ውይ ልጄን! ግቢ፣ ግቢ። እግዚአብሔር...»

«እሱን ይተዉትና ጀርባዎን ያሳዩኝ።»

አገላበጠቻት። ስፌቱን በሁለት ጣቷ ስትጫነው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነገር ጠብ አለ። እግሯን በቁልፍ ጫፍ ጫር ጫር አደረገችው። ቤዛዊት «ጀመርሽ እንዴ?» ስትል ኢክራም ጨርሳ ነበር።

«ይህ ላብ አይደለም እማማ» አለች ቁጭ ብላ። «አንጎልና አከርካሪ የሚንሳፈፉበት ውሃ ነው። የሸፈነው ስስ ገለፈት አንድ ቦታ ላይ ተበስቷል። ሲቆሙ ይፈስሳል፣ አንጎልዎ ይወርዳል፤ ሲተኙ ይመለሳል። ድልድዩም ከቦታው ሸርተት ብሏል፤ እግርዎ የጠፋው ለዚያ ነው። ለእኔ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከቆየ ግን ማጅራት ገትር ይገባበታል፤ እግሩም አይመለስም።»

«ታዲያ አሁን እንሂድና ስፊልኛ።»

ኢክራም እጇን ዘርግታ አሳየቻት። «እኔ ጋ ያለው ይህ እጅ ብቻ ነው። የቀዶ ጥገናውን ክፍል በር የሚከፍተው ጠያቂው ነው። ጠያቂው ደህና ናት ካለ መብራቱም አይበራልኝም። አንዴ ከግድግዳው ከተነሣ ደግሞ በቃ፣ ድነዋል፤ የዳነ ሰው አይከፈትም።»

«ነገርኩት እኮ ልጄ።»

«ሰምቻለሁ። የሚመዝነው የመጨረሻውን ቃል ነው። እዚህ አገር ሰው እውነቱን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው ብለው አስተምረውታል።»

«ልክ አይደሉም እንዴ?»

«በግ ስንገዛ ልክ ናቸው። ስንታመም ግን መጨረሻ ላይ የምናመጣው ተመስገንን ነው።» ብርቱካን ልጣ ሰጠቻት። «የእኔ እናት አልሐምዱሊላህ እያለች ነው በእጄ ላይ የሄደችው። በሩ ተዘግቶብኝ። እማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተመስገንን ሳይጨምሩ ይናገሩ። ፈጣሪ ይገባዋል።»

«እሱስ ይገባዋል» አለች ቤዛዊት። «ምላሴ ነው የማይገባው።»

እውነቷን ነበር። በነጋታው ጠያቂው እንደምን አደሩ ሲላት «ራሴን...» ብላ ጀመረች፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ትራሱን ጨበጠች። ስድሳ ዓመት ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን የዘጋው ቃል እንደለመደ በር መጥቶ ራሱን ገጠመ። «...ተመስገን።» አረንጓዴ። በማግስቱም እንደዚያው። መስቀል እየቀረበ፣ አደይ አበባው የአጥሩን ሥር ቢጫ እያለበሰ ነው። አንገቷ አንዳንዴ ግትር ይል ጀመር፤ አገጯን ወደ ደረቷ ማውረድ ከለከላት። ኢክራም ያለቻት መጣ ማለት ነው። ጣሪያውን እያየች «ለመሆኑ በዕድሜዬ ተመስገን ሳልል ተናግሬ የማውቀው የት ነው?» ብላ አሰበች።

መልሱ ሲመጣላት ደነገጠች። ከዚያ ናሆምን አስጠራችው።

«ነገ ንጋት ላይ ነጠላህን አዘቅዝቀህ ና» አለችው።

«ማን ሞተ?»

«ሙሾ ላወርድ ነው። ተቀባይ ትሆነኛለህ።»

«ለማን?»

«ጠያቂው ይስማዋ።»

ናሆም ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሆኖም ሳቀ። «በቁምሽ? በቁም ሰው ላይ ይለቀሳል እንዴ! ሟርት ነው ቤዛ! ሞትን በስሙ መጥራት ነው! እድሩ ቢሰማ...»

«እድሩ አንተ አይደለህ?»

«ቢሆንም!»

«ለራሴ አይደለም የማለቅሰው። በቁሜ አላለቅስም። ለሞተው ነው።»

«ሞተ የምትይው ማነው?»

«ግራ እግሬ» አለች ቤዛዊት። «ሞቷል። ሐኪም አይታዋለች። ለሞተ ማልቀስ ነውር ነው?»

እድሩ ብዙ ክርክር ሰምቷል፤ ይህን የሚረታ አንቀጽ ግን አልነበረውም።

ዶሮው ሲጮህ ቤዛዊት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሙሾ ተጋድሞ አይወርድም። ሰውየው ገመዱን ጎተተው፤ ዓይኗ ጨለመ፤ ቆመች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ናሆም ከጎኗ ክንዷን ይዟል።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ቤዛዊት?»

ደረቷን አንዴ መታች፤ ድምፅዋ ከወጥ ቤት ዘመኗ ጀምሮ ከምታውቀው ጥልቅ ቦታ ተነሣ።

«እግሬ ግራ እግሬ የመንገድ ጓደኛ፣
እኔ ቆሜ ሳለሁ ብቻውን የተኛ!»

«ወየው!» አለ ናሆም።

«እሾህ ወጋህ ብዬ ብጠራው በስሙ፣
አይሰማኝም እግሬ፣ ደርቋል መሰል ደሙ!»

«ወየው፣ ወየው!»

አረንጓዴው አልበራም። «እትዬ ቤዛዊት፣ አልጨረሱም መሰለኝ» አለ ጠያቂው በትህትና።

«አልጨረስኩም! ገና ነኝ!

ስቆም የሚያፈርሰኝ ስተኛ የሚምረኝ፣
ምን ዓይነት ዳኛ ነው ከአልጋ ያሰረኝ!

ዝናብ ሳይዘንብብኝ ቤቴ ሳያፈስ፣
ጀርባዬ ምንጭ ሆነ ቀሚሴን የሚያርስ!»

በግድግዳው ላይ ወደ ታች ተንሸራተተች። ናሆም በብብቷ ይዞ አቆማት። ጠያቂው ይጠብቃል። ያቺን የለመዳትን የመጨረሻ ቃል ይጠብቃል። ቤዛዊት አፏ ላይ መጥታ ስትቆም ታውቃታለች፤ እንደ ምራቅ ዋጠቻት። ሙሾ በእሷ አይዘጋም። ከአዳም ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም።

«ወየው!» አለችና ጨረሰች።

ግድግዳው ላይ ቤቱ አይቶት የማያውቅ ቀይ መብራት በራ።

«እትዬ ቤዛዊት» አለ ጠያቂው። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

አልጋው ላይ ወደቀች። እየወደቀች የመለሰችለትን ናሆም ኋላ ሲያወራው እያለቀሰ ይስቅ ነበር፦ «‹ኤዲያ! ይህን ሁሉ ለማን ነው የተናገርኩት?› አለችው።»

መኪናው መጣ። በሩ ተከፈተ፤ የክፍሉ መብራት ወለል ብሎ በራ። ኢክራም የተበሳውን ገለፈት አግኝታ ሰፋችው፤ የሸሸውን ድልድይ መልሳ በቦታው አጣበቀችው፤ በውሃው ውስጥ ሊጀምር የነበረውንም ማጅራት ገትር በመድኃኒት አጠፋችው። ቤዛዊት ስፌቱ እስኪጠግግ ድረስ ቀጥ ብላ መተኛት ነበረባት፤ ይህን ማንም ሊያስተምራት አላስፈለገም። ከዚያ አንድ ጠዋት ኢክራም ጀርባዋን ደግፋ አስቀመጠቻት። ቤዛዊት ዓይኗን ጨፍና ሰውየውን ጠበቀችው። አልመጣም። ገመዱም የለ። እግሯን ወደ ወለሉ አወረደች።

«ምነው ጮሁ?» አለች ኢክራም ደንግጣ።

«ሲሚንቶው!» አለች ቤዛዊት። «ሲሚንቶው ቀዘቀዘኝ! የግራው! ልጄ፣ የግራው ቀዘቀዘኝ!»

ኢክራም ማስክ አድርጋ ስለነበር የሳቀችው በዓይኗ ነው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር። ከሆስፒታል ስትመለስ መጀመሪያ ያገኘችው ነጠላውን ያዘቀዘቀውን ጋሽ ናሆምን ነው። «ለኔም ቃል ስጪኝ» አላት። «ለእንባዬ ነው። ሞቷል።» ሰጠችው። በማግስቱ ከራሱ ጠያቂ ፊት ቆሞ፣ በሳቅ እየተንከተከተ፣ አወረደው፦

«ከወንድሜ ቀብር ጥርሴን ያስገለጠ፣
እንባዬን ማን ይሆን በሳቅ የለወጠ!»

ከዚያ ማን ያቆመዋል። አንዲት የሱቅ ባለቤት ለጠፋባት የልጇ ስም አለቀሰች። አንድ ጡረተኛ ሾፌር ለቀኝ እጁ፣ አንዲት መምህርት ለእንቅልፏ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከቤዛዊት ቃል ይወስዳል፤ ቃል የማይያዝለት ለራሱ ይገጥማል፤ ቤት ባይመታም ወየው እስካለ ድረስ ጠያቂው ግድ አልነበረውም። መስከረም ሳይጋመስ ከሆጤ እስከ ሳላይሽ በየመስኮቱ ቀይ መብራት በራ። በሆስፒታሉ የሚከፈተው በር አልዘጋ አለ። አዋሳኞቹ ከተሞችም ሰሙ። እንግዶቹ ጉዟቸውን ሰረዙ። አገሪቱ ጣጣ ከማያውቁት ተርታ ወርዳ ከዓለም መጨረሻ ተቀመጠች።

«መጨረሻ ሆንን፣ እማማ!» አለች ኢክራም፣ ዓይኗ በድካም ቀልቶ፣ ብርቱካን እየላጠች። «ትናንት ብቻ ስንቱን አስተካክዬ ወጣሁ! ዛሬም በሩ ክፍት ነው። መጨረሻ ሆንን!» እንዲህ የምትለው ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ነው።

የናሆምንም ሽቦ በፀጉር ስፋት ወዲህ አዙረውለት ነበር። እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሳቁ ተወው። የወንድሙ ሙት ዓመት ላይ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ይህን ያየው ለቀስተኛ ሁሉ ደስታው አላስችል ብሎት ሳቀ። ናሆም እንባውን እየጠረገ «እናንተ ባለጌዎች!» ይላቸዋል።

ጠያቂው ግን ከቤዛዊት ግድግዳ አልተነሣም። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና እንደገና አስለጥፎታል። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ዶሮው ጮኸና ጠየቃት።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ቤዛዊት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

አረንጓዴው አልበራም። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«የትም። ደህና ነኝ ስልህ። ተመስገን!»

«አልጨረሱም መሰለኝ።»

ቤዛዊት ሳቀች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሣች፤ ምድጃውን ከወለሉ አንስታ ድሮ ከነበረበት ጠረጴዛ ላይ መለሰችው። ነጠላ ጫማዋን ስታጠልቅ ማሰሪያው በግራ ጣቶቿ መካከል ሲገባ ተሰማት፤ ቆይታ ደግማ አወለቀችና ደግማ አጠለቀችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ጠያቂው ከኋላዋ «እትዬ? የት ጋ ነው?» ሲል በሩን ዘጋችበት።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳገቱ ላይ ነው። ማንንም ሳትደገፍ ወጣች። የአቤኔዘር መቃብር ላይ ሣር በቅሏል። ሻሹን ከራሷ ፈትታ ድንጋዩ ላይ አኖረችው፤ በቀብሩ ቀን ከአፏ ያልወጣው ሙሾ አሁን ወጣ።

«ራሱን በሻሽ አስሮ ተመስገን የሚለው፣
አንድ ቀን ተሳስቶ አሞኛል ቢል ምነው!»

የሚቀበላት ሰው ስላልነበረ ራሷ «ወየው» አለች። ሁሉን አወረደችለት፤ ማንኪያውን፣ መሰላሉን፣ ያን አረንጓዴ መብራት። ጀርባዋ እንደ ደረቀ፣ ራሷ እንደ ቀለላት ቁልቁለቱን ወረደች።

ቤት ስትገባ ጠያቂው እየጠበቃት ነበር።

«እትዬ ቤዛዊት፣ አልጨረሱም መሰለኝ።»

«እሺ፣ ልጨርስልህ» አለች።

ነጠላዋን አቅንታ ለበሰች። በሁለት እግሯ ተተከለች። ከዚያም ዳቦ የሚያወርደው ድሮን መንገዱን እስኪስት፣ ጋሽ ናሆም ከማዶ «ምን ተገኘ?» ብሎ እስኪወጣ ድረስ፣ እልል አለች።

አረንጓዴው በራ።